ጠብቆ ነው ላልቶ?

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ ዘመንፈስቅዱስ
ሮብ ገበያ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ሰበብ አላቀርብም። መንገዱ ተዘግቶ የነበረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ የቀረው መዘግየት የእኔ ነው።

ሰዎቹ የነገሩዎት እውነት ነው። የተከራየሁት ትንሿ ቦሌ ከሚባለው ሰፈር ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት ባሕር ዛፍ ነበር፤ አሁን አስፋልት ሆኖ ግራና ቀኙ ካፌ፣ ጁስ ቤት፣ በርገር ቤት፣ ሥጋ ቤት ነው። በርገር ምንድን ነው ላሉኝ፣ የተፈጨ ሥጋ ተጠፍጥፎ ይጠበስና ክብ ዳቦ መሐል ይገባል። በሁለት እጅ ይዘው ይነክሱታል። መጎራረስ የለም። አጠገቡ ችብስ የሚባል ይቀርባል፤ እሱ የእናንተው ድንች ነው፣ ዘመነ በአይሱዙ ጭኖ የሚያመጣው፣ በቀጭኑ ተከትፎ ዘይት ውስጥ የገባ። ሴቶች ምን ይጠጣሉ ላሉኝ፣ ብዙዎቹ ስፕሪስ ይጠጣሉ። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተጨምቆ፣ ሳይቀላቀል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ በረጅም ብርጭቆ ይመጣል። ሦስቱንም ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ከጎን ነው የሚታየው።

የምግቡ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ነገር ነው። በስልክ ሲያነሡት ያነብልዎታል ተብሎ ነበር። ኔትወርክ የለም፣ አያነብም። ስለዚህ አስተናጋጁ አማረ ሠላሳውንም ምግብ ትንፋሽ ሳይወስድ በቃሉ ይወጣዋል። ቢሰሙት ደቀ መዝሙር ያደርጉት ነበር።

ሰገነት የሚባል የባህል ምሽት ቤትም አለን። በሰዓት እላፊው ምክንያት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት ስለማይቻል ምሽቱ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ነው። መጋረጃው ይወርዳል፣ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ሰው ሁሉ የመሸ አስመስሎ ይጠጣል። በአሥራ አንድ ሰዓት መጋረጃው ሲገለጥ ፀሐይዋ እዚያው ናት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጥቅምት 17 ቀን፣ እሑድ፣ እዚያው ቤት ውበቱ የሚባለው አዝማሪ ከታዳሚ «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም ለአንዲት የማውቃት ሴት አዜመላት። ስሟ ሕሊና ነው።

ሕሊናን ጋብዟት ገበታው ሳይነሣ፣
በትልልቅ ሰው ቤት ትበላለች ምሳ።

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በማግሥቱ ግን እሷ የሳቀችበትና ሌላው የሳቀበት አንድ እንዳልነበረ ነገሯት። ሰሙ ገብቶኛል። ወርቁን ይንገሩኝ። የቅኔ ቤትዎን ደጃፍ እንድረግጥ ቢፈቅዱልኝ ኖሮ ይህን ለመጠየቅ ባላስቸገርኩዎ ነበር።

ያሳደጓት የእኅትዎ ልጅ፣
የብርጓል


ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየብርጓል

ሰላምታዬን ከድንቹ ጆንያ በላይ አስቀምጥልኝ ብዬ ለዘመነ አደራ ሰጥቼዋለሁ። ጉልበቴን ጠይቀሽዋል። እሱ የሚናገረው ዳገት ላይ ብቻ ስለሆነ አሁን ዝም ብሏል። በቀረው ደህና ነኝ። ገብሱ ታጨደ፣ ውርጩም ዘንድሮ ራርቶልናል።

የበርገሩን ነገር ለጎረቤቶቻችን አነበብኩላቸው። ያቺ የምታውቂያት የላይ ቤቷ አሮጊት «እንግዲህ መጎራረስ ከቀረ የተጣላው ሰው በምን ይታረቃል?» አለች። እኔ ደግሞ የገረመኝ ድንቹ ነው። እዚህ ስንዘራውም ስንቆፍረውም ድንች ነበር፤ አንዲት ዳገት ወርዶ ከተማ ቢገባ ስሙን ለወጠ። እንኳን እናቱ አላየችው።

ያልሽውን ግጥም አነበብኩት። ሰሙ ግልጽ ነው። ወርቁን ለጊዜው ተዪው፤ ሰው ሁሉ የፈለገውን ይሰማል። የቤቱ አመታት ግን ደህና ነው፣ አልተንሻፈፈም። ይህን የሠራው ሰው ከጉባኤ የዋለ ነው። ሰጪው ማን ነው አሉ? አዝማሪው ደጋግሞ አዜመው ወይስ አንድ ጊዜ ብቻ? ሴትየዋስ ምን አለች? ወገን ዘመድ አላት?

ስለ ቅኔ ቤቱ ያነሣሽውን አልመልስም። «ዳዊት ከደገመች ይበቃታል» ያልኩት አንቺን ንቄ አይደለም። ዘመኑ እንደዚያ ነበር። እኔም የዘመኑ ሰው ነበርኩ።

የኔታ ዘመንፈስቅዱስ


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ ዘመንፈስቅዱስ

እንደምን ከረሙ? የጠየቁኝን አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ወገን ዘመድ አላት ወይ? አላት። እንደሌላት ሆና ትኖራለች።

አዝማሪው ደጋገመው ወይ? አራት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ አብሮት ያዜም ነበር።

ሴትየዋ ምን አለች? ከቦርሳዋ ብር አወጣችና አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈች።

ይህችን ሴት መሥሪያ ቤቷ ለሁለተኛ ዲግሪ አጭቷት ነበር። አለቃዋ አቶ ደመላሽ ይባላል። ነሐሴ ላይ «ወረቀቱ ቤቴ ነው። ቅዳሜ ምሳ ነይና እየበላን እፈርምልሻለሁ። ባለቤቴ የለችም፣ እንዳትሳቀቂ» አላት። አልሄደችም። ስሟ ከዝርዝሩ ወጣ። መስከረም ላይ የሆነውን ሁሉ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አስገባች። ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ ሰላም የሚላት ሥራነሽ የምትባለው ባልደረባዋ ብቻ ነበረች። ያን እሑድ «ፊትሽን ልትፈቺው ነው ወይስ እኔ ልፍታው?» ብላ ሰገነት የወሰደቻት እሷ ናት። ሽክላ ጥብስ አዘዙ። ደመላሽ ከጓደኞቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ግጥሙን የሰጠው እሱ ነው። አዝማሪው ሲመጣ ሴትየዋ ግጥሙን የሰጠችው ሥራነሽ መሰለቻት። ተሞገስኩ አለች። ሸለመች።

ሰኞ ጠዋት ሥራነሽ በሩን ዘግታ ገባች። ያወሩትን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

«ሕልዬ፣ በናትሽ፣ ትጠብቃለች እኮ!»

«ማን?»

«በ ናታ! በ ትጠብቃለች!»

«ምን ትጠብቃለች? ማንን?»

«ወይ አምላኬ። ይቺን ልጅ ማን አስተማራት?»

አሁን ደመላሽ ለኮሚቴው መልስ ጽፏል። ቅጂው ደርሷታል። እንዲህ ይላል፦ «ከሳሽ እኔ ቤት ምሳ መብላቷ በሕዝብ ፊት ሲዜም ደስ ብሏት ሸልማለች። ነገሩ ሐሰት ቢሆን ሰው ስሙን ለሚያጠፋ ይሸልማል?» ኮሚቴው ለታኅሣሥ 17 ቀጥሯታል። የምታስረዳው ካጣች ክሱ ይዘጋል፤ እሷ ደግሞ በሐሰት ወንጃይነት ትጠየቃለች።

ስለዚህ ይንገሩኝ። «ትበላለች» የሚለው ላይ በ ጠብቆ ነው ላልቶ? ሲላላ ሴትየዋ ምሳ በላች። ሲጠብቅ ሴትየዋ ራሷ ምሳ ሆነች። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ምን ትበያለሽ፣ ምን ይጣፍጥሻል ብለውኝ ነበር። ሁሉም ጨው የሌለው ይመስለኛል። አማረ ሳልጠይቀው የጨው ዕቃውን አጠገቤ ያስቀምጣል።

የብርጓል


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ ዘመንፈስቅዱስ

«ለሴትየዋ ትዕግሥት ይስጣት፣ ነገሩን ትርሳው» የምትለው ባለ ሁለት መስመር ወረቀትዎ ደርሳኛለች። ጥያቄዬን አልመለሰችም። ማሩም ደርሷል። አልተከፈተም።

ጾሙ ከገባ ወዲህ ሰገነት ዝግ ነው። ማሲንቆዎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። አዝማሪው ውበቱ ግን ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ መጨረሻ ካለችው ምግብ ቤት የጾም ፍርፍር እንደሚበላ አማረ ነገረኝ። ሄድኩ። ሲያየኝ መጉረሱን አቆመ።

«ይብሉ» አልኩት።

«አብረሽኝ ካልበላሽ አልበላም።»

«በትልልቅ ሰው ቤት ነው የምበላው።»

አቀረቀረ። «እኅቴ፣ እኔ የማሲንቆ ጭራ ነኝ። የነካኝ ይጮህብኛል። ሰውየው ግጥሙን በወረቀት አምጥቶ ‹በሷ በኩል ስታልፍ አጥብቀው› አለኝ። አጠበቅሁት።»

«ወረቀቱስ?»

«ማሲንቆዬ ከረጢት ውስጥ ነው። ደህና ግጥም አልጥልም።»

ሰጠኝ። አሁን ከፊቴ ነው። ቀለሙ ከሱቅ የተገዛ አይደለም፤ ከጥላሸት የተበጠበጠ ነው። የ«ሕ» መሐለኛዋ እግር ከሁለቱ ትረዝማለች። የ«ላ» እግር ከመስመር ትወርዳለች። ያንን ጽሕፈት እመስላለሁ ብዬ ሰባት ዓመት ጣቴን አቁስያለሁ። በዓለም ላይ የማንንም እጅ ባላውቅ የእርስዎን አውቃለሁ።

እንግዲህ እኔም የሸሸግሁትን ልናገር። ሕሊና እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በዓመቱ ፍርድ ቤት ቀርቤ ስሜን አስለወጥኩ። የዶርም ልጆች «የብርጓል» የሚለውን ከሁለት ሰብረው የመጨረሻውን ብቻ ይጠሩኝ ነበር። ጓል። የአፈር ጓል። ለእርስዎ ያልነገርኩት ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ስለሆነች ነው። የት ተወለድሽ ሲሉኝም ማርቆስ እላለሁ። ደመላሽ የእርስዎ ልጅ መሆኔን አያውቅም። እርስዎም አላወቁም።

ዛሬ የምጠይቀው አንድ ነው። ያ ሰው ሲመጣ ምን ብሎ ጠየቀዎት?

ሕሊና


ሮብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለ

በየትኛው እንደምጠራሽ ስላላወቅሁ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።

ከመስቀል በኋላ ነው። መኪና ከደጄ ቆመ። ደህና የለበሰ ሰው ወረደና ጉልበቴን ስሞ «የኔታ፣ ስምዎን ከሩቅ ሰምቼ መጣሁ» አለኝ። ከሩቅ ሲባል ደስ አለኝ። «አብራኝ የምትሠራ ሕሊና የምትባል ሴት አለች። ትልልቅ ሰው ቤት ምሳ የምትጋበዝ ናት። ሽኝት ስላላት ማሞገሻ ይሁነኝ። ወርቅ ግን ይኑረው» አለ። ወርቅ ሲል በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ። ያን ጊዜ ምን እንደሚፈልግ ገባኝ። መልሼ መስደድ ነበረብኝ። ሲሄድ ብርድ ልብስ ሰጠኝ። ደብዳቤዎችሽን ያነበብኳቸው እሱን ተከናንቤ ነው።

ጠብቆ ነው ላልቶ ብለሽኛል። ግጥሙ እንዳልሽው ጭማቂ ሦስት ድርብ ነው። ከላይ፣ በላላው፣ ሴትየዋ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ምሳ ትበላለች። ከመሐል፣ በጠበቀው፣ ሴትየዋ ትበላለች። ሰውየው ያየው እስከዚህ ነው፤ ተደስቶ ወጣ። ከታች ያለውን አላየም። እኔ «ሕሊና» ያልኩት የሰውን ሕሊና ነው። ገበታው ሳይነሣ ጥሯት፣ ከዘገያችሁ አታገኟትም፤ በትልልቅ ሰው ቤት ምሳ ሆና የምትበላው እሷ ናትና። ስድቡ የተላከው ግጥሙን ላሠራው ሰው ነበር። የራሱን ስድብ በብርድ ልብስ ገዝቶ ሄደ ብዬ ማታውን ብቻዬን ስቄያለሁ።

ግን አልዋሽሽም። መሐለኛው ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም። ጆሮዬ ሰምቶታል። «ትበላለች»ን በሌላ ቃል ብለውጠው ሴትየዋ ትድን ነበር፤ ቤቱ ግን ይሰበር ነበር። ቤቱ ጣመኝ። ያቺ ሕሊና ለእኔ የማንም ልጅ አልነበረችም። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ግጥሜን ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ማርቆስ መዘፈኑ ነው ደስ ያለኝ። ስለዚህም ነው «አልተንሻፈፈም» ብዬ የጻፍኩልሽ።

ታኅሣሥ 17 ቀን ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። ማን እንዳሠራው፣ መቼ እንዳሠራው፣ ምን እንዳለኝ እናገራለሁ። የቅኔ መምህር ለመጠጥ ቤት ግጥም ሸጠ ተብሎ ወንበሬን ቢነሡኝ ይንሡኝ። ይምጡ ካላልሽኝ ግን አልመጣም።

ዘመንፈስቅዱስ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ

ይምጡ።

ይቅርታ አላልኩም። ይምጡ ነው ያልኩት።

ደብዳቤዎን ስድስት ጊዜ አነበብኩት። መናደድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አልመጣልኝም። ከታች ያለው ወርቅ ያማረ ነው። ማማሩን ማየቴም አልቀረም። ለእኔ ግን የደረሰኝ መሐለኛው ነው። አዳራሹ አራት ጊዜ ያዜመው እሱን ነው። ማንም ወደ ታች አልወረደም።

አንድ ነገር ብቻ። ያቺ የማንም ልጅ ያልሆነችው ሕሊና እኔ ባልሆን፣ ሌላ ሰው ብትሆን፣ ኮሚቴ ፊት ይቆሙላት ነበር? መልሱን አይጻፉልኝ። ቤትዎ ተቀምጠው ለራስዎ ይመልሱ።

ዘመነ ታኅሣሥ 16 ቀን ከገበያ መልስ ያሳፍርዎታል፤ ከፊት ወንበር እንጂ ከጆንያው ላይ እንዳይቀመጡ። አልጋውን ለእርስዎ እለቃለሁ። ስለ ምግቡ አይጨነቁ፣ በጾም ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናንተ ነው የሚበላው። በርገር ቤቱ እንኳ ጾሟል፤ ከባቄላ የጾም በርገር ይሠራል።

ብርድ ልብሱን ይዘውት ይምጡ። እንዳያጥቡት።

ሕሊና


ሮብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ

በሰላም ገባሁ። ዘመነ መንገዱን ሙሉ ስለ ነዳጅ ሲያወራ እኔ የኮሚቴውን ጸሐፊ እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። «አባ፣ እንዲህ ከሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ በየትኛው ልጻፈው? በጠበቀው ወይስ በላላው?» ሲለኝ፣ «ልጄ፣ በየትኛውም ብትጽፈው ያው ነው» ስለው፣ ብዕሩን ይዞ እንደ ደነገጠ ቀረ። ያ ሰውዬም ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ሳደርገው «የኔ አይደለም» አለ። ማንም የእርስዎ ነው ሳይለው።

የበላነውን ላላየ ሰው ማስረዳት አቃተኝ። ያ የባቄላ በርገር በሁለት እጅ ቢያዝም ከኋላ ይሾልካል። አንቺ ግን ሳትስቂ ናፕኪን ሰጠሽኝ። ሦስት ቀን ካንቺ ዘንድ ሰንብቼ አንዴም ስትስቂ አላየሁም። ማሩም መደርደሪያው ላይ እንደታሸገ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ዝም ብያለሁ።

እዚህ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «እስኪጣራ ድረስ ከወንበር ይረፉ» ተብያለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደዋል። ግቢው ጸጥ ሲል ቀኑ ረጅም ነው።

ለራስዎ ይመልሱ ያልሽኝን መልሻለሁ። አልቆምላትም ነበር። ሌላ መልስ ብሰጥሽ ሌላ ሰም ይሆናል።

ወንበር ባይኖረኝም ያወቅሁት አልጠፋብኝም። ያኔ በር ላይ የመለስኩሽን ዛሬ በወረቀት ላስገባሽ እችላለሁ። ጀማሪ የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት። በየሮቡ አንድ እልክልሻለሁ፤ አንቺ ትፈቻለሽ፣ ደግሞም ትቀኛለሽ። የምትፈልጊ ከሆነ ነው።

ኮሚቴው ምን ወሰነ? ደግሞስ ከእንግዲህ በየትኛው ስም ልጻፍልሽ?

ዘመንፈስቅዱስ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ ዘመንፈስቅዱስ

ልደቱን እንዴት ዋሉት? እዚህ ሥጋ ቤቶቹ ከሌሊት ጀምሮ ሰው አሰልፈው ነበር። እኔ ቤቴ ነበርኩ።

ኮሚቴው ወስኗል። ውሳኔው አንድ ገጽ ነው። «ግጥሙ በጽሑፍ ከአንድ በላይ ንባብ ስላለው ለከሳሽም ለተከሳሽም ማስረጃ ሊሆን አይችልም» ይላል። የእርስዎ ምስክርነት «ሥነ ጽሑፋዊ ማብራሪያ» ተብሎ ተያይዟል። ብርድ ልብሱ አልተጠቀሰም። ክሱ ተዘጋ፤ እኔም አልተቀጣሁም። ደመላሽ ወንበሩ ላይ ነው። የሁለተኛ ዲግሪው ዕድል ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሰብሳቢዋ ለብቻዬ ጠርታ «እኅቴ፣ ነገሩ እስኪረሳ ቁይ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ብናዛውርሽ ለራስሽም ጥሩ ነው» አለችኝ።

«እኔ አልረሳሁም» አልኳት። «የሚረሳው ይዛወር።»

ሥራነሽ «አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል» ትለኛለች። ምን እንደሚወጣልኝ አላውቅም።

ትናንት እሑድ ሰገነት ተከፍቶ ነበር። ጾም ከተፈታ የመጀመሪያው ስለሆነ ቦታ አልነበረም። አማረ ለእኔና ለሥራነሽ ከአዝማሪው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አስገባልን። ደመላሽ እንግዶች ይዞ መጥቷል፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው አሉ። ገበታቸው ሙሉ ነበር። መጋረጃው ወረደ፣ ቀዩ መብራት በራ። ውበቱ እየዞረ ሲያሞግስ ቆይቶ ከእኔ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑን ሰብሮ ሊያልፍ አለ።

«ተቀበል» አልኩት።

ቆመ። «ምን ልቀበል፣ እመቤት?»

«ያንኑ።»

«የቱን?»

«የምታውቀውን። አንድ ፊደል ሳትለውጥ።»

ሥራነሽ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ተነሣሁ። ድምፄ ከፍ አላለም፣ ጸጥታው ግን በቃው። እንዲህ አልኩ፦ «ይህን ግጥም በብርድ ልብስ ከፍለው ያሠሩት አቶ ደመላሽ ናቸው፤ እዚያ ተቀምጠዋል። የሠራው ደግሞ ያሳደገኝ አጎቴ ነው። በ ጠብቆ ነው፣ ልክ ናችሁ። ሕሊና የተባለችው ግን እኔ አይደለሁም። ሰው ሁሉ ውስጥ ያለችው ሕሊና ናት። በትልልቅ ሰው ቤት የምትበላው እሷ ናት። አሁን ስሙት።»

ውበቱ አንገቱን ደፋ፣ ቀስቱን ሳበ።

ሕሊናን ጋብዟት ገበታው ሳይነሣ፣
በትልልቅ ሰው ቤት ትበላለች ምሳ።

ማንም አልሳቀም። ሁለተኛ አለው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አይ ወርቅ! አይ የጎጃም ወርቅ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ሳቁ ከጥግ ተነሥቶ እየዞረ መጣና እኔን አልፎ ወደ ደመላሽ ገበታ ሄደ። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ አብሮ አዜመ። ያኔ እንዳዜሙት ነው ያዜሙት፣ ቃሉም ዜማውም ያው ነው። ዓይናቸው ብቻ ሌላ ቦታ ነበር። ደመላሽ «ጨዋታ እኮ ነው፣ ጨዋታ ነው» እያለ ለእንግዶቹ ያስረዳ ነበር። አንደኛው እንግዳ «ምሳ ማለት እዚህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ደመላሽ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

አማረ ባዶውን ወንበር አየና ጮክ ብሎ «የአቶ ምሳ ገበታ ይነሣ?» አለ።

ዛሬ ቢሮ ስገባ ዘበኛው ሳይቀር «አቶ ምሳ ገብተዋል?» እያለ ነው። እንግዲህ ይህ ስም ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚያስለውጡት አይደለም።

ከቦርሳዬ ብር አወጣሁና ውበቱ ግንባር ላይ ለጠፍኩ። ያኔ በለጠፍኩበት በዚያው ቦታ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለኝም። ተቀመጥኩ፣ ጥብሱን ወደ እኔ ሳብኩ። ሁለት ጉርሻ ከበላሁ በኋላ አማረን ጠርቼ «ጨው በዝቶበታል» አልኩት። የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛዬ አነሣው።

በየትኛው ስም ልጻፍልሽ ላሉኝ፣ ፖስታው ላይ ሕሊና ይበሉ። ከውስጥ የብርጓል።

ይቅርታውን አሁንም አላልኩም። ማሩን ግን ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ጉባኤ ቃናውን ከሚቀጥለው ሮብ ይጀምሩልኝ፤ ሳይገባኝ ቢቀር ይገሥጹኝ እንጂ አያቅሉልኝ።

ከሰፈሩም ከቢሮውም አልወጣም። ከጥምቀት በኋላ ባለውም እሑድ ሰገነት እበላለሁ። አላልተው ያንብቡት።

የብርጓል